ግራርና አካሺያ፦ የአንድ ስም ክፍፍል



ግራርን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቢፈለግ አይገኝም። ከስምጥ ሸለቆው ሜዳ እስከ ደጋው ማሳ ድረስ ጥላው፣ ማገዶው፣ አጥሩና ሙጫው ከኑሮ ጋር የተዋሐደ ዛፍ ነው። በትምህርት ቤትም ሳይንሳዊ ስሙ አካሺያ ነው ሲባል ኖሯል። በአዲሱ አመዳደብ ግን በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ ከሚበቅሉት ግራሮች አንዱ እንኳ አካሺያ አይባልም። ለዚህ ያበቁት ሁለት ልዩ ልዩ ፍርዶች ናቸው፤ አንዱ ከዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ፣ ሌላው ከጉባኤ ድምፅ የመጣ ነው። ሁለቱን አቀላቅሎ መናገር የተለመደ ስሕተት ሆኗል።

አካሺያ የሚለውን ስም ፊሊፕ ሚለር የተባለው እንግሊዛዊ አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1754 ለወገኑ ሰጠ። በ19ኛው መቶ ዓመት ጆርጅ ቤንታም የአፍሪካን፣ የእስያን፣ የአሜሪካንና የአውስትራሊያን ዛፎች በዚሁ ስም ሥር ሰበሰበ። መለያው በአበባው ላይ እንደ ክር የበዙት፣ እርስ በርሳቸውም ያልተጣበቁት የወንዴ ክፍሎች ነበሩ። በዚህ ዓይነት ወገኑ ከ1,300 በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1986 አውስትራሊያዊው ሌስሊ ፔድሊ ወገኑ በሦስት እንዲከፈል ሐሳብ ቢያቀርብም ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም።

ነገሩን የለወጠው ዲ.ኤን.ኤ. ነው። ተመራማሪዎች ክሎሮፕላስት በሚባለው የቅጠሉ አረንጓዴ አካል ውስጥ የሚገኘውን ዲ.ኤን.ኤ. አውጥተው የአራቱን ፊደላት ቅደም ተከተል ከዛፍ ዛፍ አነጻጸሩ። ሁለት ዛፎች አንድን ለውጥ በጋራ ከያዙ ከአንድ አያት ወርሰውት ሊሆን ይችላል። አንድ ፊደል ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ በአንድ ናሙና የአፈርን ጥንካሬ የሚወስን መሐንዲስ እንደማይኖር ሁሉ። ብዙ ቦታዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ግን ዝምድናው ይገለጣል። በዚህም መሠረት አካሺያ የተባለው አንድ ወገን አልነበረም። ጥንድ ቀጥ ያለ እሾህ ያላቸው ቫቼሊያ፣ በአመዛኙ እንደ መንጠቆ የቆለመመ እሾህ ያላቸው ሴኔጋሊያ ተባሉ፤ ከአሜሪካም ሁለት ትንንሽ ወገኖች ተለዩ። የአውስትራሊያዎቹ ዛፎች ደግሞ ከአፍሪካው ቫቼሊያ ይልቅ ሰሳ ለሚገኝበት ጓድ የቀረቡ ሆኑ። ብዙዎቹን ሊቃውንት ያሳሳታቸው የአበባው መመሳሰል ነው። ግራርን ከቆንጥር በእሾሁ የሚለየው የገጠር ሰው ግን ወደ እውነቱ ቀርቦ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ የዲ.ኤን.ኤ. ነው። አካሺያ የሚለው ስም ለማን ይቅር የሚለው ጥያቄ ግን በላቦራቶሪ የሚፈታ አልነበረም። በስያሜ ሕግ መሠረት ስም የሚከተለው የወገኑን መለያ ዝርያ ነው፤ መለያውም በዓባይ ስም የሚጠራው አካሺያ ኒሎቲካ፣ ማለት የአፍሪካ ግራር ነበር። ይሁንና ስሙ ለአፍሪካ ቢጸና ወደ 1,000 የሚጠጉ የአውስትራሊያ ዝርያዎች አዲስ ስም ሊያስፈልጋቸው ሆነ። ስለዚህ መለያው በአውስትራሊያ ዝርያ እንዲተካ ሐሳብ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና በተደረገው የዕፅዋት ጉባኤ ከመራጮቹ 54.9 በመቶው ሐሳቡን ተቃወሙ፤ ሆኖም ለመሻር 60 በመቶ ያስፈልግ ስለ ነበር ሐሳቡ ጸደቀ። የሚበዛው ድምፅ ተቃውሞ ሳለ መጽናቱ ለብዙ አፍሪካውያን ሊቃውንት መራራ ነበር፤ ቅሬታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 የሜልቦርን ጉባኤ ውሳኔውን አጸና።

ውጤቱ በሥራ ላይ ይታያል። ኢ 414 በሚል ቁጥር በምግብ ኢንዱስትሪ የሚታወቀው ሙጫ በዓለም አቀፍ መግለጫዎች ከአካሺያ ሴኔጋል ወይም ከአካሺያ ሴያል የሚገኝ ተብሎ ተጽፏል። በአዲሱ አመዳደብ የመጀመሪያው ሴኔጋሊያ፣ ሁለተኛው ቫቼሊያ ነው። አሮጌውን ስም የያዘ የመጋዘን መዝገብና አዲሱን የያዘ የላቦራቶሪ ወረቀት ሲገናኙ አንዱ ዕቃ ሁለት መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሊጻፉ ይገባል። በአዊ ገበሬዎች ለከሰል ሲተክሉት የቆዩት፣ መነሻው ምሥራቅ አውስትራሊያ የሆነው ዲከረንስ፣ አካሺያ ዲከረንስ እንደተባለ ይኖራል። የደጋው አገር በቀል ግራር ግን ቫቼሊያ አቢሲኒካ ሆኗል።