የጎንደር ጥምቀተ ባሕርና የቀሃ ቦይ



ስለ ጎንደር ሲነገር ግንቡ ቀድሞ ይነሣል፤ ጥምቀተ ባሕሩም ይከተላል። ውኃውን ወደዚያ የሚያደርሰው ቦይ ግን እምብዛም አይወሳም።

ከተማዪቱ የተቆረቆረችው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው። ወንዙ ወደ ኮረብታው ሊወጣ አይችልምና መዋኛው ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀሃ አጠገብ ታነጸ። ሥራው በአብዛኛው ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ለነገሡት ለዐፄ ፋሲል ይሰጣል። ለአድያም ሰገድ ኢያሱ የሚሰጡትም አሉ፤ ክርክሩ ለታሪክ ጸሐፊዎች ይቆይ።

መሐንዲስን የሚያስደንቀው ሌላ ነው። መዋኛው 50 ሜትር በ30 ሜትር ያህል ስለሆነ የአንድ ሜትር ጥልቀት ብቻ 1,500 ሜትር ኩብ ውኃ ይጠይቃል። ቦዩ በሰከንድ 1 ሊትር ቢያመጣ፣ ይህን ለመሙላት ከ17 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ጥምቀት ደግሞ የሚውለው ጥር 11 ቀን፣ ክረምቱ ካለፈ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ፣ ወንዞች በሚመነምኑበት ወራት ነው። ስለዚህ ወንዙ ከመዋኛው ከፍ ካለ ቦታ መጠለፍ፣ የቦዩም ቁልቁለት በልክ መሆን አለበት፤ ሲበዛ አፈሩን ይሸረሽራል፣ ሲያንስ ደለል ያስቀምጣል።

(ለደባርቅና ለዳባት ባልደረቦች እግረ መንገድ ለማስታወስ ያህል፣ የስሜን ተራራ ውኃ ወደ ተከዜ ሲወርድ የቀሃ ውኃ በመገጭ በኩል ጣና ይገባል፤ ሁለቱም የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ ዓባይ ላይ ነው።)

ፋሲል ግቢ መዋኛውን ጨምሮ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የግንብ ድንጋይ ቢወድቅ ሁሉም ያየዋል። በቅጥሩ ላይ የተጠመጠሙትን የዛፍ ሥሮች እንኳ ፎቶግራፍ የማያነሣ ጎብኚ የለም። ቦዩ ግን ከመሬት እኩል የሚሄድ ነውና አንድ አጥር ወይም አንድ የመንገድ ሥራ ሊቆርጠው ይችላል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው መዋኛው ሳይሞላ ሲቀር ነው። ከመጥለፊያው በላይ ወደ ወንዙ የሚጣለው ቆሻሻም ሕዝብ ወደሚረጭበት ውኃ መድረሱ አይቀርም። ደለል ምን እንደሚያደርግ በአንገረብ ላይ የተሠራው የመጠጥ ውኃ ግድብ በሚገባ አሳይቷል።

እንግዲህ ከመጥለፊያው እስከ መዋኛው ያለው መሥመር ተለክቶ በከተማው ፕላን ላይ ሊሰፍር፣ በየዓመቱም ዝናቡ እንዳቆመ፣ ሙሌቱ ሳይጀመር፣ ሊመረመርና ሊጠረግ ይገባል። ይህ ከግንብ ጥገና ጋር ሲነጻጸር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ኃላፊው ማን እንደሆነ መወሰን ነው። ካህናቱ ውኃውን ባርከው፣ ወጣቶቹም ዘለው ገብተው በዓሉ ሲያበቃ መዋኛው እንደገና ይደርቃል። ቦዩን ለመፈተሽ የሚመቸው ጊዜ ያኔ ነው።