የቀን ሠራተኛው ሒሳብ እና የእኛ ሒሳብ

በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር



በበዓል ቀን ስለ ትርፍ ክፍፍል ማውራት ይቀላል። እኔ ግን በቡናው ሰዓት የሰማሁትን ክርክር ይዤ ቀርቤያለሁ። ለመጋዘናችን ጫኝና አውራጆች የቀን ክፍያ ወለል በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ የሚል ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ቀርቧል። አንዳንድ አባላት «ሴፍቲኔቱ የቀን ሠራተኛ አስወደደብን፣ አሁን ደግሞ እኛው ልንጨምርበት ነው?» ይላሉ። ቅሬታው መልስ ያስፈልገዋል።

የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከዞናችን ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትን፣ ስማዳንና እብናትን የመሳሰሉ ወረዳዎች ታቅፈዋል። የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ለአንድ የቤተሰብ አባል ይታሰብ የነበረው በወር 5 ቀን፣ በዓመት 6 ወር ነበር። አስሉት፤ ለአንድ ነፍስ 90 ኪሎ እህል፣ ማለትም ከኩንታል የጎደለ። በዚህ ሰው ሰነፈ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ተሰጠ። የእርከኑና የመንገዱ ሥራ በአብዛኛው የተያዘው በበጋ፣ የክረምቱ እርሻ ሳይደርስ ነው። በመስኖ ድንች የምናለማ ሰዎች በበጋም ጉልበት ስለምንፈልግ እዚያ ላይ መጋጨቱን አልክድም።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የተገኘው በ2000 ዓ.ም. ነው። የእህል ዋጋ ሲንር ክፍያው 8 ብር ቢደርስም ገበያውን ሊከተለው አልቻለም። ብር ሲቀበል የነበረው ሰው «እህሉን ስጡን» ማለት ጀመረ። ስለዚህ በብር ብቻ ተጽፎ የተቀመጠ ወለል በዓመቱ ወለል መሆኑ ይቀራል። ደንባችንም ቁጥር ብቻ ጽፎ እንዳይተው፤ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አዲሱ እህል ገበያ ከገባ በኋላ፣ ከገብስና ከጤፍ ዋጋ ጋር ተያይቶ ይከለስ።

በአገር ደረጃም ነገሩ ቀላል አልሆነም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ እንጂ መጠኑን ራሱ አልቆረጠም። ወለሉ ከፍ ካለ ቀጣሪው ሰው ይቀንሳል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ለሁለት ቀን አረም ሰው የሚቀጥር፣ መሬቱ ከአንድ ሄክታር የማይሞላ አባላችንን ከሰፋፊ እርሻ ባለቤት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥም ፍርድ አይሆንም። እርሱ ወንፈልና ደቦ አለው፤ ካልበቃው ነው የሚቀጥረው። የቀረበው ሐሳብ የሚመለከተው ግን የዩኒየኑን መጋዘን እንጂ የአባሉን ማሳ አይደለም።

አንድ ነገር እንዳንረሳ እፈልጋለሁ። ከመካከላችን በኅዳር አጫጅ የሚቀጥረው ሰው፣ በክረምት ልጁን ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ሁመራ የሚልከው ያው ሰው ነው። ልጁ ሲሄድ «ስንት ይከፍሉት ይሆን?» ብለን እንጨነቃለን። ጭንቀቱም በብር አያበቃም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር በተከሰተ ጊዜ፣ በሽታው ከቆላ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይመጣ አልቀረም ተብሎ ነበር። እዚያ ያለው አሠሪ ለልጃችን አጎበርና ንጹሕ ውኃ ያቅርብ ብለን የምንጠይቅ ከሆነ፣ እኛም በመጋዘናችን ኩንታል ተሸክሞ ለሚውለው ልጅ ስንት እንደምንከፍለው ማፈር የለብንም። ለገብሳችን መነሻ ዋጋ ይቆረጥልን እያልን ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል? ጉልበትም የሚሸጥ ምርት ነው፤ ልዩነቱ ዋጋ እስኪወጣ ጎተራ ውስጥ አለመቆየቱ ነው።

ወጪው ከእያንዳንዱ ኩንታል ትርፍ ላይ ጥቂት ይቀንሳል፤ ይህንን ደብቄ ድምፅ አልጠይቃችሁም። የሒሳብ ክፍሉ ስሌቱን አዘጋጅቶ ለየመሠረታዊ ማኅበሩ ያድርስ፤ ተወካዮችም ከአባሎቻችሁ ጋር መክራችሁ በጉባኤው ድምፅ ስጡበት። እኔ በበኩሌ እደግፈዋለሁ።