በኮልፌ ቀራንዮ ከስደተኞች ጋር ስለምንሠራው ሥራ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ስለ ኮልፌው ሥራችን ጥቂት ቃል እንድናሰማ የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ ፈቀደልን አስቀድመን እናመሰግናለን። ስደተኛ በተነሣ ቁጥር የሚነገረው ብዙውን ጊዜ የእንባና የምጽዋት ንግግር ነው። እኛ ዛሬ እሱን ትተን በሥራው ላይ ያየነውን ብቻ እንናገራለን፤ በመጨረሻም ከማኅበሩ አንድ ነገር እንጠይቃለን።

ከአየር ጤና አለፍ ብሎ ባለ አንድ መንደር ስደተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት አነስተኛ መረዳጃ ማኅበር አለ። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይቶ ሴቶቹ ይሰፉበታል፤ ልጆቹ ይማሩበታል፤ ሰው የሞተ እንደ ሆነም ድንኳንና ወንበር የሚወጣው ከዚያው ነው። የእኛን ዕድርና የቄስ ትምህርት ቤት አንድ ላይ ያደረገ ነገር ነው ብንል አንሳሳትም። አባሎቹ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ሲሆኑ ከሱዳን፥ ከየመንና ከኮንጎ የመጡም አሉበት። እኛ አሥራ አንድ ተማሪዎች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን፥ በአውቶቡስ ተራ በኩል አድርገን እንሄዳለን። ለትልልቆቹ አማርኛ፥ ለልጆቹ ሒሳብ እናስተምራለን። የተጠራነው ለዚህ ነበር፤ ሥራው ግን ከጥቁር ሰሌዳው አልፎ ሄደ።

ስለ ትምህርቱ ጥቂት እንበል። ትግርኛ ተናጋሪዎቹ ፊደሉን ከቤታቸው ይዘውት ስለ መጡ ንባብ አያስቸግራቸውም፤ የሚያስቸግራቸው ተመሳሳዩ ቃል ነው። በትግርኛ «ሎሚ» ማለት ዛሬ ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ «ሎሚ ገዛሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንብባ «ዛሬ ምን ገዛህ?» ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ዐረብኛ ተናጋሪው ደግሞ «ሱቅ» ሲባል ገበያው ሁሉ ይመስለዋል፤ ስኳር ከሱቅ ግዛ ቢሉት መርካቶ ድረስ ሊወርድ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ያስቃል እንጂ ማንንም አይጎዳም።

የሚጎዳው ሰዓቱ ነው። አንዲት ሱዳናዊት እናት የታመመ ሕፃኗን ይዛ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዳ፥ በሌላ ቀን በ3 ሰዓት ተመለሺ ተብሎ በካርዱ ላይ ተጻፈላት። እርሷም በአገሯ አቆጣጠር 3 ሰዓት የመሰላት እኛ 9 ሰዓት የምንለው ነው። ስትደርስ ሐኪሙ ወጥቷል፤ ተራዋም አልፏል። «ለምን ቀረሽ?» ተብላ ስትጠየቅ የምትመልስበት አማርኛ አልነበራትም። ሌላው ጐልማሳ ደግሞ 12/2 ተብሎ የተጻፈለትን ቀጠሮ፥ ዓመተ ምሕረቱ ስላልተጻፈበት፥ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ አድርጎ አነበበው። ቀጠሮው ግን ጥቅምት 12 ነበር። ሰውየው ያን ሁሉ ወር ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። በእኛና በሌላው ዓለም መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ለጎብኚ ጨዋታ ነው፤ ለታመመ ሰው ግን ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ አሁን ለአዲስ መጪ የመጀመሪያው ትምህርት ሀ ሁ አይደለም። ከካርቶን የተቆረጠ ሁለት ፊት ያለው ሰዓትና የአሥራ ሦስቱ ወሮች ስም ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ዘግየት ማለት እንፈልጋለን፤ በተለይ የሕግ ተማሪዎች ልብ ብላችሁ ስሙን። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለታወቀ ስደተኛ የመሥራት መብትን፥ የባንክ ሒሳብ መክፈትን፥ ልደትና ጋብቻ ማስመዝገብን ይፈቅዳል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 409/1996 በሥራ በኩል ስደተኛውን ከማንኛውም የውጭ አገር ሰው ለይቶ አያየውም ነበርና፥ አዲሱ ትልቅ እርምጃ ነው። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮም ለስደተኞች የፋይዳ ቁጥር መስጠት ተጀምሯል። በወረቀት ደረጃ እንግዲህ አገራችን የምታፍርበት ነገር የለም።

አሁን ወደ መስኮቱ እንሂድ። አንዲት የልብስ ሰፊ ሒሳብ ለመክፈት ወደ አንድ ባንክ ሄዳ «የስደተኛ መታወቂያ አንቀበልም» ተብላ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሦስተኛው ጊዜ ሁለታችን አብረናት ሄድን። የአዋጁን ቅጂ ይዘን ነበር፤ ጸሐፊው ግን አላነበበውም። ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደ መጣን ጠየቀን፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ከአለቃው ጋር ተነጋገረ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደብተሯን ሰጣት። ወደ ቤት ስንመለስ ደስ አላለንም። በሩን የከፈተው አዋጁ ሳይሆን የእኛ አማርኛና የተማሪነት መታወቂያችን ነውና። እኛ ያልሄድንላቸውስ ስንት ናቸው? ይህን የምንለው ጸሐፊውን ለመክሰስ አይደለም፤ ምናልባት አዋጁን ማንም አሳይቶት አያውቅም ይሆናል። አንድ ሕግ ግን በመስኮቱ የተቀመጠው ሰው እስኪያውቀው ድረስ ገና አልታወጀም ማለት ይቻላል።

በነገራችን ላይ፥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው በዚህችው በአዲስ አበባ፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ ጳጉሜ 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። የ1943ቱ የጄኔቭ ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፥ በሃይማኖቱ፥ በፖለቲካ አሳቡና ይህን በመሰለው ምክንያት መሳደድን የሚፈራውን ሰው ነው፤ የአዲስ አበባው ግን ከጦርነትና ከሁከት የሸሸውንም ጨመረበት። ሰኔ 13 የዓለም የስደተኞች ቀን ተብሎ የሚከበረውም ይኸው ስምምነት በ1966 ዓ.ም. በሥራ ላይ ከዋለበት ዕለት ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከውጭ የመጣብን ሳይሆን ከእኛው ከተማ የወጣ ነው።

ኮልፌም ቢሆን ለእንግዳ አዲስ ሰፈር አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በተሠራው በዘነበወርቅ ሆስፒታል፥ በኋላም በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው በአለርት ዙሪያ የሰፈሩት ሰዎች ብዙዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው፥ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ሳይሆንላቸው የቀሩ ናቸው። ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. ከአገራቸው ያለ ፓስፖርት በምሥጢር ወጥተው፥ በኮልፌው የፖሊስ ማሠልጠኛ ከኮሎኔል ታደሰ ብሩ ዘንድ የውጊያ ትምህርት ተምረዋል። ዛሬ ማንዴላን በየአዳራሹ በኩራት እናነሣቸዋለን። ያን ጊዜ ግን የአገራቸው ፓስፖርት የሌላቸው አንድ እንግዳ ነበሩ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የራሳችን ተፈናቃይና ችግረኛ ሞልቶ ሳለ ስለ ሌላ አገር ሰው ምን አስጨነቃችሁ?» ይሉናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ የምናልፈውም አይደለም። ነገር ግን በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ የእኛ ሰዎች በሱዳን ኡም ራኩባ ተጠልለው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ከትግራይ የሸሹ ወገኖቻችንም ወደዚያው ወደ ኡም ራኩባ ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በሚያዝያ 2015፥ በካርቱም ተኩስ ሲከፈት መንገዱ ተገለበጠና ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ፤ ኩመርና አውላላ በሚባሉትም ሰፈሮች ተጠለሉ። ዛሬ በአገራችን ያለው ስደተኛ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ማን አስተናጋጅ ማን እንግዳ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ እንደሌለ ከዚህ ይታያል። ደግሞም፥ ቅር አይበላችሁና፥ ያን ጥያቄ ከሚጠይቁን መካከል ወደ ተፈናቃዮቹ ዘንድ የሚሄድ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። የሚሄድ ቢገኝ አብረነው እንሄዳለን።

አሮጌ ልብስ የመሰብሰቡን ነገር አንደግፍም። በአንድ በዓል ጊዜ የሆኑ ሰዎች ሦስት ጆንያ ልብስ ይዘው መጡ፤ ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ሄዱ። ከጆንያው ውስጥ ኮትና ከረባት ወጣ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፥ በአገራቸው መምህር የነበሩ ሽማግሌ፥ ከረባቱን አንሥተው «ልጆቼ፥ ይህንን የት ቢሮ ለብሼ ልሂድ?» ብለው ጠየቁን። እኚህ ሰው እኛን ከሁሉ በፊት የጠየቁን ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ «እስከ መቼ ትመጣላችሁ?» ነበር ያሉት። በ1950ዎቹ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተጀመረ ጊዜ ተማሪው ወደ ጠቅላይ ግዛት የሚላከው ለሙሉ አንድ ዓመት ነበር። ለአንድ ቀን አስተማሪ ማንም ፊቱን አያዞርም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። ከአሥራ አንዳችን ስድስቱ በሐምሌ ይመረቃሉ። የቀረነው አምስት ሰዎች ሁለቱን ክፍል ይዘን፥ በየቢሮው አብሮ መሄዱንም ጨምረን ልንችል አንችልም፤ ስለዚህ ተተኪ ካልተገኘ ከመስከረም ጀምሮ የልጆቹ ክፍል ይዘጋል። የልጆቹ ቁጥር ሠላሳ አራት ነው። የምንጠይቀው ማኅበሩ ይህን ሥራ የጥቂት ጓደኛሞች ሥራ ከመሆን አውጥቶ የራሱ ሥራ እንዲያደርገው ነው። ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለሙሉ ዓመት ይመደብ፤ የየትምህርት ክፍሉ የፈተና ቀን ስለሚለያይ ተራው በዚያ ይከፈል። ዐረብኛና ስዋሂሊ የሚችል ሰው በእጅጉ ያስፈልገናል። በስደተኛነት ተመዝግበው ከእኛው ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩ ጓደኞች አሉንና እነርሱን እንደ ተረጂ ሳይሆን እንደ ሥራው መሪ አድርገን እንጥራቸው፤ ከእኛ ይልቅ ነገሩን ያውቁታል። የሕግ ተማሪዎች ደግሞ አዋጁን በአንድ ገጽ በቀላል አማርኛ አሳጥረው ቢጽፉልን፥ ማኅበሩ በማባዣው ያባዛውና በየመስኮቱ እናድለዋለን።

የስም መጻፊያው ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። የሚመጣው ቅዳሜ በ2 ሰዓት ከስድስት ኪሎው በር እንነሣለን፤ ሰዓቱ በእኛው አቆጣጠር ነው።