የማቻያስ የባሕር ውጊያ



የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከእንግሊዝ አገዛዝ ለመላቀቅ ያደረጉት ጦርነት ሲወሳ ቀድሞ የሚነሣው የየብሱ ውጊያ ነው። በባሕር ላይ ከተደረጉት ግጥሚያዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ግን የተቀሰቀሰው በሳንቃና በስንቅ ንግድ ሳቢያ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 ዓ.ም. ማቻያስ፣ ዛሬ ሜይን በሚባለው ግዛት ጠረፍ፣ እንጨት ሰንጥቃ በመሸጥ የምትተዳደር ትንሽ መንደር ነበረች። እህሏ በመርከብ ይመጣ ነበርና፣ ባሕሩ ሲዘጋ ረኀብ ከደጃፏ ይቆማል። በጁን ወር መጀመሪያ ኢካቦድ ጆንስ የተባለው ነጋዴ ዩኒቲና ፖሊ በተባሉ ሁለት መርከቦች ስንቅ ጭኖ ደረሰ። በለውጡ የሚፈልገው ሳንቃ ቦስተን ውስጥ ለተከበበው የእንግሊዝ ጦር ሰፈር መሥሪያ የሚሆን ነበር። ያጀበችውም ማርጋሬታ የተባለች የታጠቀች መርከብ ስትሆን፣ አዛዧ ጄምስ ሙር የተባለ ዕጩ መኮንን ነበር።

የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ከመከረ በኋላ ንግዱ እንዲካሄድ በድምፅ ፈቀደ። ይህንን እንደ ፍርሃት መቍጠር አይገባም፤ ልጆቹ የተራቡበት ሰው የሚመርጠው ብዙ የለውም። ዳሩ ግን ጆንስ ስንቁን ያከፋፈለው ድምፃቸውን ለሰጡት ብቻ ሆነ። ሕዝቡን ያስቈጣው ከንጉሡ መድፍ ይልቅ ይህ አድልዎ ሳይሆን አይቀርም።

እሑድ ጁን 11 ቀን ሁለቱን በቤተ ክርስቲያን ሳሉ ለመያዝ ታሰበ። ጆንስ ጫካ ገብቶ ተደበቀ፤ ሙርም አምልጦ መርከቡ ላይ ከወጣ በኋላ መንደሪቱን በመድፍ እንደሚመታ ዛተ። በማግሥቱ ጀርማያ ኦብራየን አርባ ያህል ሰዎች አስከትሎ በዩኒቲ ተከተለው። ከጥቂት ጠመንጃ በቀር መሣሪያቸው መጥረቢያና መንሽ ነበር። ሙር በሽሽት ላይ ሳለ የሸራው መወጠሪያ እንጨት ስለ ተሰበረበት፣ መንገድ ላይ ካገኘው መርከብ ሌላ ወስዶ እስኪተካ ድረስ ዘገየ። በመጨረሻ ዩኒቲ ደርሳ ተጠጋችው፤ ሰዎቹም ዘለው ገቡበት። ሙር በጽኑ ቈስሎ በማግሥቱ ሞተ።

ዩኒቲ ከዚያ በኋላ ታጥቃ «የማቻያስ ነፃነት» ተባለች። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በበኩሉ ዐመፀኞቹን የጠረፍ ከተሞች ለመቅጣት ተነሣ፤ ኦክቶበር 18 ቀን 1775 ዓ.ም. ዛሬ ፖርትላንድ የምትባለው ፋልማውዝ ተቃጠለች። ከዚህ አምስት ቀን ቀደም ብሎ የቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ ሁለት መርከቦች እንዲታጠቁ ወስኖ ነበር።