የሐዘኑ ባለቤት ማን ነው?

(በማኅበራችን የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ዛሬው አርእስት በተነገረ ጊዜ ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ «የጀርመን አገር ነገር እኛን ምን ያገባናል?» ሲሉ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ወደ መጨረሻው እናቆየውና፤ አስቀድመን የሆነውን ነገር እንደሆነው እንተርከው። ቀኖቹንም የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዲሴምበር 20 ቀን 2024 ዓርብ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ ጀርመን በምትገኘው በማግድቡርግ ከተማ፤ የልደት በዓል ገበያው በሕዝብ ተሞልቶ ሳለ፤ አንድ ሰው የተከራየውን አውቶሞቢል እየነዳ ወደ ገበያው መካከል ገባ። ገበያው በመከላከያ ድንጋይ ታጥሮ ነበር፤ ሰውዬው የገባው ግን ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ተብሎ ክፍት በተተወው መንገድ ነው። ነገሩ ሁሉ ተጀምሮ እስኪያልቅ የፈጀው አንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያች ደቂቃ ምክንያት አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅና አምስት ሴቶች ሕይወታቸውን አጡ፤ ሦስት መቶ የሚያህል ሰው ቆሰለ።

የገዳዩ ማንነት በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩን ገና ሳይመረምር የተረዳው መሰለው። ሰውዬው በሳዑዲ ዓረቢያ የተወለደ ነው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፤ ዲሴምበር 19 ቀን 2016፤ አንድ ቱኒዚያዊ የአክራሪዎች ተከታይ በበርሊን የልደት ገበያ ላይ የጭነት መኪና ነድቶ አሥራ ሁለት ሰው ስለ ገደለ፤ ይኸኛውም የዚያ ድጋሚ ነው ተባለ። እውነቱ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ከ2006 ጀምሮ በጀርመን የኖረ የአእምሮ ሐኪም ነው። እስልምናን የተወና በአደባባይ የሚያወግዝ፤ ጀርመን አገር ለሙስሊሞች ተሸጣለች እያለ የሚጽፍ፤ «አማራጭ ለጀርመን» የተባለውንም ስደተኛ የሚጠላ ፓርቲ የሚደግፍ ነበር። ወንጀል እፈጽማለሁ ብሎ በመዛቱም በ2013 በፍርድ ቤት ተቀጥቷል። የሳዑዲ መንግሥት ስለ እርሱ ለጀርመን ማስጠንቀቂያ ልኮ ነበር። እንግዲህ በዚህ ነገር ውስጥ ለመርማሪ ብዙ ጥያቄ አለ፤ ማስጠንቀቂያው ለምን ተናቀ? ክፍቱ መንገድስ ለምን አልተጠበቀም? የሚሉት ናቸው።

ነገር ግን የብዙዎቹ ጥያቄ እነዚህ አልነበሩም። ገና ሟቾቹ ሳይቀበሩ፤ በሦስተኛው ቀን፤ የዚሁ ፓርቲ መሪ አሊስ ቫይደል ማግድቡርግ መጥታ በካቴድራሉ አደባባይ ለደጋፊዎቿ ስለ ስደተኞች ንግግር አደረገች። ገዳዩ የእርሷን ፓርቲ የሚያደንቅ መሆኑ አላገዳትም። በዚያው ዕለት ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ የከተማው ነዋሪዎች «ለጥላቻ ዕድል አትስጡ» ብለው እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያውን ከበቡት። ሁለቱም ወገኖች ሐዘንተኞች ነን አሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንቶች ግን በማግድቡርግ መልካቸው የውጭ አገር ሰው የሚመስል ነዋሪዎች በመንገድ ላይ እየተሰደቡና እየተመቱ አቤት ማለታቸው ተዘገበ። ገዳዩ እስልምናን የሚጠላ ሆኖ ሳለ፤ ዋጋውን እንዲከፍሉ የተፈለጉት ሙስሊሞች ሆኑ።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። ጃንዋሪ 22 ቀን 2025 በአሻፈንቡርግ ከተማ አንድ የአፍጋኒስታን ተወላጅ የሁለት ዓመት ሕፃንና ሕፃኑን ሊያድን የተነሣውን ሰው በቢላዋ ገደለ። የምርጫ ጊዜ ነበርና፤ በሳምንቱ ጃንዋሪ 29 ቀን የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ መሪ ፍሪድሪሽ ሜርስ ስደተኞችን ከድንበር ለመመለስ ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ በፓርላማው በ348 ድምፅ በ344 ላይ አለፈ። ያለፈውም በ«አማራጭ ለጀርመን» እንደራሴዎች ድምፅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከዚህ ወገን ጋር በድምፅ መተባበር ነውር ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፤ የዚያው ፓርቲ የቀድሞ መሪና ቻንስለር የነበሩት አንጌላ ሜርክል ሳይቀሩ ድርጊቱን ነቀፉ።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን፤ ምርጫው ሊደረግ አሥር ቀን ሲቀረው፤ በሙኒክ ከተማ አንድ የሃያ አራት ዓመት አፍጋናዊ በሠራተኞች ማኅበር ሰልፍ ላይ መኪና ነድቶ ከሠላሳ በላይ ሰው አቆሰለ። ከቁስለኞቹ መካከል የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴትና የሁለት ዓመት ልጇ ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ። ዐቃቤ ሕጉ ድርጊቱ ከሃይማኖት አክራሪነት የመነጨ ነው አለ፤ ይህንን መሸፋፈን አይገባንም። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን ሰውዬው በሌብነትና በአደንዛዥ ዕፅ የታወቀ ነው፤ ከአገር መውጣት ይገባው ነበር ተብሎ ከባለ ሥልጣን አፍ የተነገረው ቃል ስሕተት ሆኖ ተገኝቶ ታረመ። ሰውዬው የሱቅ ጠባቂ ሆኖ ሲሠራ ሌቦችን በማስያዙ ስሙ በምስክርነት ተመዝግቦ ኖሯል፤ የመኖሪያ ፈቃድም ነበረው። እርማቱ ግን እንደ መጀመሪያው ወሬ ሩቅ አልሄደም።

ወዳጆቻችን ሆይ! ንግግራችንን እንድናዘጋጅ ያስገደደን ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። የሞተችው እናት በአልጄሪያ ተወልዳ በአራት ዓመቷ ወደ ጀርመን የገባች፤ ተምራ መሐንዲስ የሆነች፤ የሙኒክ ከተማ ሠራተኛ ነበረች። የሞተችውም ለሠራተኞች መብት በተደረገ ሰልፍ ላይ ነው። ቤተ ሰቧ በዚያ መሪር ሰዓት ያወጣው መግለጫ አጭር ነበር፤ ሟቿ ጥላቻን ትቃወም ስለነበር የእርሷና የልጇ ሞት ጥላቻን ለመቀስቀስ መሣሪያ እንዳይሆን ለመኑ። ስደተኛ ገደላት ተብሎ በስሟ ስደተኛ እንዲባረር የተጠየቀላት ሴት እርሷ ራሷ ስደተኛ ሆና የመጣች ነበረች።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን ምርጫው ተደረገ። «አማራጭ ለጀርመን» በ2021 አግኝቶት የነበረውን 10.4 ከመቶ በእጥፍ አሳድጎ በ20.8 ከመቶ ሁለተኛ ወጣ። ይህ ሁሉ ድምፅ ከእነዚህ ግድያዎች የመጣ ነው አንልም፤ የኑሮ ውድነትም፤ የምሥራቁ ክፍል ቅሬታም አለበት። ነገር ግን ምርጫው በተደረገ በስምንተኛው ቀን፤ ማርች 3፤ በማንሃይም ከተማ ሌላ ሰው በሕዝብ ላይ መኪና ነድቶ ሁለት ሰው ሲገድል፤ ነጂው ትውልደ ጀርመን ስለነበር ጩኸቱ ብዙም ሳይቆይ በረደ። በዚያ ቀን በታክሲው አሳድዶ መንገዱን የዘጋበት የፓኪስታን ተወላጅ ነበር። ስለዚህ ሰው ንግግር ያደረጉ ፖለቲከኞች ጥቂቶች ናቸው።

አሁን የሚቃወመንን ሰው እናዳምጥ። «መንግሥት ማንን ወደ አገሩ እንደሚያስገባ መጠየቅ ጥላቻ ነውን?» ይላል። አይደለም። የአሻፈንቡርጉ ገዳይ ከአገር ይወጣ ዘንድ ግዴታ የነበረበት ሰው ነው፤ ለምን እንዳልወጣ የሚጠይቅ ዜጋ መብቱን ይጠይቃል። ልዩነቱ ያለው በጥያቄው አድራሻ ላይ ነው። አንዱ ጥያቄ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፤ ማን ፋይሉን አዘገየ? ማን ማስጠንቀቂያውን ናቀ? ይላል፤ መልስም ሊገኝለት ይችላል። ሌላው ጥያቄ ወደ ጎረቤቱ ደጃፍ ይሄዳል፤ መልስም አይፈልግም።

የዚህ ዓይነቱን ነገር እኛ ከመጻሕፍት አልተማርነውም። በአባቶቻችን ዘመን ደም መላሽ ገዳዩን ባያገኝ ወንድሙን፤ ወንድሙን ባያገኝ የአጎቱን ልጅ ይፈልግ ነበር። ያ ሰው ምን አደረገ ተብሎ አይጠየቅም፤ የማን ዘር ነው ተብሎ ብቻ ይጠየቃል። ሽማግሌዎችና ሕግ ብዙ ደክመው ነው ወንጀል የሠራው ሰው ዕዳ ይሁን ያሉት። በ2019 ግን በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተማሪዎች በትውልዳቸው ምክንያት ሲገደሉ፤ ሺዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ሲሸሹ አይተናል። የተገደሉት በሌላ ስፍራ ሌላ ሰው ያደረገውን ነገር እንዲከፍሉ የተመረጡ ነበሩ። «የጀርመን ነገር ምን ያገባናል?» ላላችሁን መልሳችን ይኸው ነው። በፓርላማ የሚናገረውም፤ በመኝታ ክፍል ኮሪዶር ላይ ዱላ ይዞ የሚቆመውም የሚጠቀሙበት ሒሳብ አንድ ነው።

በአገራችን ወግ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ቀጥሎም ከሐዘንተኛው አጠገብ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቤተ ዘመዱ ሳይናገር በሟች ስም አይናገርም። የሙኒኩ ቤተ ሰብ ተናግሯል፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። የማግድቡርጉ ገዳይ ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ችሎት ፊት ቀርቦ ጉዳዩ መሰማት ተጀምሯል፤ ለተጎጂዎቹ ብዛት ተብሎም ልዩ የችሎት አዳራሽ ተሠርቷል። የዚያ አዳራሽ ሥራ አዝጋሚ ነው። ምስክር በምስክር ይሰማል፤ የአንድን ሰው በደል ይመዝናል፤ ጭብጨባም የለበትም።

ስለዚህ ከማኅበራችን አባሎች የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። የግድያ ወሬ በደረሰን ጊዜ ገዳዩ ከየት ነው ከማለታችን በፊት የሞቱት እነማን ናቸው ብለን እንጠይቅ። የመጀመሪያውን ወሬ ለሌላ ከማቀበላችን በፊት እርማቱን እንጠብቅ። በጓደኛችን ደጃፍ ላይ የማይገባውን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ባየን ጊዜም፤ እንደ ማንሃይሙ ባለ ታክሲ መንገዱ ላይ እንቁምበት።