ማኅደሩ ከታማሚው ጋር ይሂድ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሳሪስ ይሁን መካኒሳ፣ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰለፈው ካርድ ክፍል ነው። ወደ ሆስፒታል ሪፈር ሲባል የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የቆየው ማኅደሩ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አዲሱ ሐኪም ያላየውን ምርመራ እንደገና ያዛል፤ ታማሚውም እንደገና ይከፍላል።

ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2008 አገር አቀፍ የጤና መረጃ ሥርዓት ጀመረች። ዜጋው የሕክምና ማኅደሩን ያነባል፤ ማን እንደከፈተውም ያያል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ ማዘዣው በኮምፒውተር ስለሚላክ መድኃኒት ቤት የሚጠየቀው መታወቂያ ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ጤና ሚኒስቴር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ ማኅደርን በታብሌት የሚይዙበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ባለ12 አሃዝ መለያ ቁጥር ይሰጣል። በሞባይል መክፈያው ቴሌብርም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ከባዱ ሥራ እነዚህን ማገናኘት ይመስለኛል። መብራት ሲጠፋ ወረፋው እንዳይቆም መጠባበቂያ ኃይል ያስፈልጋል። አንዱን ታማሚ በወረቀትም በኮምፒውተርም መመዝገብ ደግሞ ነርሷን በእጥፍ ያደክማታል።

ምስጢርስ? የኤች አይ ቪ ወይም የአእምሮ ሕመም መረጃ ጎረቤት እጅ ቢገባ ሰውን ከሥራም ከሰፈርም ሊያስወጣ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለዚህ ማኅደሩን ማን መክፈት እንደሚችል፣ የከፈተው ሰው ስም እንዴት ተመዝግቦ እንደሚቀር፣ ኮምፒውተሩ ካርድ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይወሰን።