ለታሰረ ወገናችን ጠበቃ ስናቆም
(ለታሳሪ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ሰው ሲታሰር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ስንቅና ልብስ ነው። ተገቢ ነው። ግን ታሳሪው በምርመራ ላይ የሚሰጠው ቃል በኋላ ችሎት ላይ ይመጣበታል። ስለዚህ ጠበቃ የሚፈለገው ክስ እስኪመሠረት ተጠብቆ አይደለም፤ በታሰረበት ዕለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያለመናገርን መብትና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብን ደንግጓል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለውም እዚያው ሰፍሯል። ይህን ችሎት ላይ ተነሥቶ የሚያስመዘግብ ሰው ያስፈልጋል።

በመደበኛው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። በ2012 ዓ.ም. በተሻረው የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ግን ከ28 ቀን አያንስም ነበር፤ በድምሩ እስከ አራት ወር ይዘልቅ ነበር። ልጃችሁ በየትኛው ሕግ እንደተያዘ ጠበቃው ቶሎ እንዲያጣራ ጠይቁት። ስንት ቀን እንደምትጠብቁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ምርጫው ላይ ደግሞ ወሬ አትከተሉ። "ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ አስፈታዋለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ፈቃዱን ለማየት አትፈሩ፤ በፌደራል ፍርድ ቤት ያሠራዋል ወይ? የወንጀል ጉዳይ ይዞ ያውቃል? በውርስና በንግድ ክርክር የተካነ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ችሎት የሚቆመው ራሱ ነው ወይስ ረዳቱ?

ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይጣላል። የተከፈለው ለጊዜ ቀጠሮ ብቻ ነው? ዋስትናን፣ የክስ መቃወሚያን፣ የመከላከያ ምስክርን፣ ይግባኝን ይጨምራል? ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ያዙ። በተለይ ገንዘቡ ከጀምዓው የተዋጣ ከሆነ አማና ነው።

ብዙዎች በአንድ መዝገብ ሲከሰሱ አንድ ጠበቃ ለሁሉም ማቆም ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን የአንዱ መከላከያ ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ ጠበቃ መለየት ግድ ነው። ይህን ማንሳት አንድነትን ማፍረስ አይደለም፤ ቅር የሚላችሁ ሰው ካለም ይበላችሁ።

አቅም ያጣ ቤተሰብ አይሸማቀቅ። አንቀጽ 20 ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ያስገድዳል። ተከሳሹ መጀመሪያ በቀረበበት ቀን አቅም እንደሌለው ለችሎቱ ይናገር። ተከላካይ ጠበቃ ሲመደብለትም ቤተሰቡ ይፈልገው፤ መዝገብ ስለሚበዛበት እናንተ ካልሄዳችሁ እሱ ላይመጣ ይችላል።

በመጨረሻም፣ ከጠበቃው የሰማችሁትን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። በጥየቃ ሰዓት ስለ ጉዳዩ ዝርዝር አታውሩ፤ አጠገባችሁ የሚሰማ አለ። በዚያን ቀን የት እንደነበረ የሚያውቁ ሰዎችን ስምና ስልክ ግን ዛሬውኑ ጻፉና ለጠበቃው ስጡት። ምን እንደሚሉ አታስጠኗቸው፤ ያዩትን ብቻ ይናገሩ።